ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮችን ከውሃ ውስጥ በናኖ ካርቦን መለየት፦ ከዝግጅት እስከ ቅሪቱ አያያዝ

ሲዚየም 137 በውሃ ውስጥ ቢሟሟም ሆነ በካርቦን ገጽ ላይ ቢለጠፍ ጨረር መርጨቱን አያቆምም፤ መጠኑ በግማሽ እስኪቀንስም 30 ዓመት ገደማ ይፈጃል። የናኖ ካርቦን (በዓይን እስከማይታይ ድረስ የደቀቀ ካርቦን) ሥራ ራዲዮአክቲቭነትን ማጥፋት ሳይሆን፣ በብዙ ሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ ተበትኖ የነበረውን ብክለት ጥቂት ኪሎ በሚመዝን ጠጣር ላይ መሰብሰብ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ካርቦኑ ሲጠግብ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚረከበውና ምን ያህል ጨረር እንደሚኖረው ገና የካርቦኑን ጥሬ ዕቃ ግራፋይቱን ሳይመዝን ያሰላል።

መመሪያው የተዘጋጀው በቤተ ሙከራ ለሚሠሩ የኬሚስትሪና የአካባቢ ምህንድስና ተማሪዎችና ባለሙያዎች ሲሆን ለቤት ውስጥ ማጣሪያ የሚያገለግል አይደለም። በነገራችን ላይ ውሃን ማፍላትም ለዚህ ችግር አይረዳም፤ ተንኖ የሚሄደው ውሃው ስለሆነ በድስቱ ውስጥ የሚቀረው ሲዚየም ክምችቱ ጭራሽ ይጨምራል።

ደረጃ 1፦ በውሃው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ መለየት

“ራዲዮአክቲቭ ብክለት” የሚለው ስም በኬሚካዊ ባሕርያቸው የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ጆንያ ይከታል። ሲዚየም በውሃ ውስጥ አንድ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ብቻ ያለው፣ ከሶዲየምና ከፖታሲየም ወገን የሆነ አዮን ነው፤ ስለዚህ ከካርቦን ጋር ያለው ቁርኝት ልል ነው። ስትሮንሺየም 90 ሁለት አዎንታዊ ሙል ስላለው የተሻለ ይያዛል፤ ነገር ግን የቅርብ ዘመዱ ካልሲየም በየውሃው ስላለ ቦታውን ይሻማዋል። ዩራኒየም፣ ቶሪየም፣ አሜሪሺየምና ፕሉቶኒየም ከኦክስጅን ጋር አጥብቀው ስለሚቆራኙ ኦክስጅን የተሸከመ ካርቦን በደንብ ይይዛቸዋል። አዮዲን ብዙውን ጊዜ በአሉታዊ ሙል ስለሚገኝ ራሱም አሉታዊ ሙል ያለው ግራፊን ኦክሳይድ (ኦክስጅን የተተከለበት ስስ የካርቦን ቅጠል) ይገፋዋል እንጂ አይስበውም። በዚህ ላይ የአዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ብቻ ነው፤ ውሃውን ለ80 ቀን በታንከር ማቆየት የሚቻል ከሆነ መጠኑ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ስለሚደርስ፣ እንዲህ ላለው ውሃ ከካርቦን ይልቅ ትዕግሥት ይበልጣል።

ትሪቲየም ከሁሉም ይለያል። የውሃው ሞለኪውል አካል ሆኖ ስለሚገኝ ምንም ዓይነት ካርቦን ከውሃው አይለየውም። በጃፓን የፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ጣቢያ በመጋቢት 2011 እ.ኤ.አ. ከደረሰው አደጋ በኋላ የተጠራቀመው ውሃ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መጀመሪያ ሲዚየሙን ዚዮላይት በመሳሰሉ ማዕድናት ለዩ፤ ቀጥሎም 62 ዓይነት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮችን እንዲያስወግድ የታቀደ፣ ልዩ ልዩ ያዥ ቁሶችን በተርታ የሚጠቀም ሥርዓት ዘረጉ፤ ገቢር ካርቦንም ከእነዚያ ቁሶች አንዱ ነው። ያ ሁሉ ተደርጎም ትሪቲየሙ እንዳለ ስለቀረ፣ ውሃው በሊትር ከ1,500 ቤኬሬል (በሰከንድ የአንድ አተም መፈራረስ አንድ ቤኬሬል ነው) በታች እስኪሆን በባሕር ውሃ እየተበረዘ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ውቅያኖስ መለቀቅ ጀመረ። አንድ ቁስ ሁሉንም ያጸዳል የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ይህን ተርታ ያስታውስ።

ስለዚህ ከማንኛውም ሙከራ በፊት የአይሶቶፖቹን (እንደ ሲዚየም 137 ያሉ፣ በቁጥራቸው የሚለዩ የንጥረ ነገር ዓይነቶች) ዓይነትና መጠን፣ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት ልክ)፣ የሶዲየም፣ የፖታሲየም፣ የካልሲየም፣ የማግኒዚየምና የባይካርቦኔት መጠን፣ እንዲሁም የተሟሟ ተፈጥሯዊ ብስባሽ መኖር አለመኖሩን መዝግቡ። ግባችሁንም በቁጥር አስቀምጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ ለሲዚየም 137ም ሆነ ለስትሮንሺየም 90 በሊትር 10 ቤኬሬል ሲሆን፣ ለዩራኒየም ደግሞ በኩላሊት ላይ በሚያደርሰው ኬሚካዊ ጉዳት ምክንያት በሊትር 30 ማይክሮግራም ነው።

ደረጃ 2፦ ካርቦኑን እንደ አይሶቶፑ መምረጥ

ያልተነካ ግራፊንም ሆነ ያልተነካ ካርቦን ናኖቲዩብ (ደቃቅ የካርቦን ቱቦ) የብረት አዮኖችን እምብዛም አይዝም። መያዣ እጆቹ በገጹና በጠርዙ ላይ የሚተከሉት የኦክስጅን ቡድኖች፣ በተለይም ካርቦክሲልና ሃይድሮክሲል ናቸው። ግራፊን ኦክሳይድ እነዚህን በብዛት ስለሚሸከምና አንድ አተም ያህል በሳሳ ቅጠል መልክ በውሃ ውስጥ ስለሚዘረጋ አዮኖቹ በደቂቃዎች ውስጥ ያገኙታል። በ2013 እ.ኤ.አ. የራይስ ዩኒቨርሲቲና የሞስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጋራ ባወጡት ሥራ ግራፊን ኦክሳይድ አክቲናይዶችን (ዩራኒየምን፣ ፕሉቶኒየምንና መሰሎቻቸውን) ከቤንቶናይት ሸክላና ከደቃቅ ገቢር ካርቦን በተሻለ እንደሚይዝ፣ ከያዛቸውም በኋላ ተጠራቅሞ እንደሚረጋ አሳይተዋል።

እንግዲህ የተበከለው በዩራኒየም ወይም በአሜሪሺየም ከሆነ ተራ ግራፊን ኦክሳይድ ይበቃል። ለሲዚየም ግን ካርቦኑን ለብቻው ማሰማራት በእኔ አስተያየት ድካምን ማብዛት ነው፤ ፕረሽያን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ የብረት ፌሮሳያናይድ በካርቦኑ ላይ ማሳደግ ይሻላል። በቅንጣቱ መዋቅር ውስጥ ያሉት ክፍተቶች ለሲዚየም ልክ የተሰፉ ያህል ናቸው፤ በ1987 እ.ኤ.አ. በብራዚል ጎያኒያ ከተማ በሲዚየም 137 የተመረዙ ሰዎችም ይህንኑ ቁስ በመድኃኒትነት ውጠዋል። በእንዲህ ያለው ጥምረት ካርቦኑ ተሸካሚ፣ ሰማያዊው ቅንጣት ደግሞ ያዥ ነው። ችግሩ ፒኤቹ ከ9 እያለፈ ሲሄድ ፕረሽያን ብሉ መፍረሱ ነው። ማግኔታይት የተጨመረበት ካርቦን በማግኔት በቀላሉ ይለቀማል፤ በአንጻሩ አሲድ በበዛበት ውሃ ብረቱ ይሟሟል። ለአዮዲን የሚያገለግለው ብር የተነከረበት ካርቦን ነው።

ስለ ናኖቲዩብ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ደረቅ ዱቄቱ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ጭረት ስለሆነ፣ ከዓይነቶቹ አንዱ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም “በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል የሚችል” ተብሎ ተመድቧል። ሁልጊዜም እርጥብ አድርጋችሁ ያዙት፤ ስትመዝኑት በፊውም ሁድ ውስጥ፣ ተገቢውን የመተንፈሻ ጭምብል አድርጋችሁ ይሁን።

ደረጃ 3፦ ግራፊን ኦክሳይዱን ማዘጋጀት

ዝግጁውን ገዝቶ መሥራት ነውር የለበትም፤ በቤተ ሙከራ ለማዘጋጀት የሚፈልግ ግን በ2010 እ.ኤ.አ. የጄምስ ቱር የምርምር ቡድን ያወጣውን አሠራር መከተል ይችላል። ያ አሠራር ከቀድሞው የሃመርስ ዘዴ የሚሻለው ሶዲየም ናይትሬት ስለማይገባበትና መርዛማ የናይትሮጅን ጋዝ ስለማያወጣ ነው። ለጀማሪ የሚመከረው መጠን 1 ግራም ደቃቅ ግራፋይት፣ 6 ግራም ፖታሲየም ፐርማንጋኔት፣ 120 ሚሊሊትር ጥቅጥቅ ሰልፈሪክ አሲድና 13 ሚሊሊትር ፎስፎሪክ አሲድ ነው።

አሲዶቹን በበረዶ ውስጥ በተቀመጠ ሰፊ ፍላስክ ቀላቅሉ፤ ግራፋይቱን ጨምሩና በማግኔቲክ ስተረር እያማሰላችሁ ፐርማንጋኔቱን በማንኪያ ጫፍ እየቆነጠራችሁ፣ በእያንዳንዱ ቁንጥር መካከል ቴርሞሜትሩን እያያችሁ አስገቡ። ድብልቁ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይለወጣል። ይህ አረንጓዴ ቀለም ማንጋኒዝ ሄፕቶክሳይድ መፈጠሩን የሚያመለክት ሲሆን፣ ይህ ውሁድ ከ55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቅ ወይም አልኮልንና አሴቶንን የመሰለ ነገር ሲነካው ይፈነዳል። ስለዚህ በአቅራቢያችሁ የአሴቶን ጠርሙስ አይኑር፤ ብቻችሁንም አትሥሩ። ፐርማንጋኔቱ ገብቶ ሲያልቅ በውሃ ገንዳ 50 ዲግሪ ላይ ለ12 ሰዓት ያህል እያማሰላችሁ አቆዩት። እየቆየ ወፍሮ እንደ አጥሚት ይለጠልጣል።

ድብልቁ ወደ ክፍል ሙቀት ከተመለሰ በኋላ 130 ሚሊሊትር ገደማ ከሚሆን በረዶ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍስሱት፤ ውሃውን ወደ አሲዱ መጨመር ክልክል ነው። ከዚያ 30 በመቶ የሆነውን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ በጠብታ ጨምሩ፤ 1 ሚሊሊትር ገደማ ይበቃል። ጠብታው በወደቀበት ቦታ ቡናማው ድብልቅ እየተንጨረጨረ ወደ ደማቅ ቢጫ ሲቀየር ማየት የዚህ ሥራ ደስ የሚል ቅጽበት ነው፤ ትርፉ ፐርማንጋኔት ማለቁንም የሚነግራችሁ እሱው ነው።

ብዙ ሰው የሚሰላቸው በማጠቡ ላይ ነው፤ ሙከራውም አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ በሴንትሪፉጅ እጠቡ። አሲዱ እየታጠበ በሄደ ቁጥር ቅጠሎቹ እየተለያዩ ውሃ ስለሚመጥጡ ዝቃጩ እንደ ጄል ይሆናል፤ ለመዝቀጥም ያስቸግራል። ያኔ የቀረውን በዳያሊሲስ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ውሃውን እየለወጡ ለቀናት ማቆየት ይቀላል። ማጠቡ ማለቁን ለማወቅ ከእጣቢው ጥቂት ወስዳችሁ አንድ ጠብታ ባሪየም ክሎራይድ ጨምሩበት፤ ነጭ ደመና ከታየ ሰልፌት አለ ማለት ነው። በካርቦኑ ላይ የቀረ ማንጋኒዝ ለስትሮንሺየም የታሰበውን ቦታ አስቀድሞ ስለሚይዝ ችላ የሚባል አይደለም።

የተዘጋጀውን አታድርቁት። ደረቅ ግራፊን ኦክሳይድ በፍጥነት ሲሞቅ ተንፍቶ ሊቀጣጠል ይችላል፤ አንዴ የደረቀውም እንደ ቀድሞው በውሃ ውስጥ አይዘረጋም። በውሃ ውስጥ እንዳለ አስቀምጡት፤ ክምችቱን ለማወቅ ግን 10 ሚሊሊትር ብቻ ወስዳችሁ በዝቅተኛ ሙቀት አድርቁና መዝኑ።

ደረጃ 4፦ ራዲዮአክቲቭ ባልሆኑ አቻዎች መፈተን

መደበኛው ሲዚየም 133 እና በተፈጥሮ የሚገኘው ስትሮንሺየም በኬሚካዊ ባሕርያቸው ከራዲዮአክቲቭ ወንድሞቻቸው አይለዩም። ስለዚህ አብዛኛውን ጥናት ምንም ጨረር ሳይኖር መሥራት ይቻላል፤ ይህን ዕድል መተው ስንፍና ነው። 126.7 ሚሊግራም ሲዚየም ክሎራይድ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ሲሟሟ በሊትር 100 ሚሊግራም ሲዚየም ይሰጣል፤ ከዚህ እየበረዛችሁ የምትፈልጉትን ክምችት አዘጋጁ።

በእያንዳንዱ የፕላስቲክ ጠርሙስ 50 ሚሊሊትር መፍትሔ በሊትር 10 ሚሊግራም ሲዚየም ይዞ፣ 25 ሚሊግራም ካርቦን ጨምሩበት። ብርጭቆ ራሱ አዮን ስለሚይዝ ፖሊፕሮፒሊን ይመረጣል። በመወዝወዣ ላይ አድርጋችሁ ከ5 ደቂቃ፣ ከ30 ደቂቃ፣ ከ2 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ናሙና ውሰዱ፤ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ድገሙ። ከእነዚህ ጎን ካርቦን የሌለበት አንድ ጠርሙስ፣ እንዲሁም ካርቦንና ንጹሕ ውሃ ብቻ ያለበት ሌላ ጠርሙስ መኖር አለበት። የመጀመሪያው የጠርሙሱ ግድግዳና ማጣሪያው ምን ያህል እንደዋጡ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከካርቦኑ ምን እንደሚለቀቅ ይናገራል። ናሙናውን በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፉ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሚሊሊትሮች ድፉ።

ፒኤቹን ካርቦኑ ከገባ በኋላ እንደገና ለኩ። ግራፊን ኦክሳይድ ፕሮቶን ስለሚለቅ በ6 የጀመረው ውሃ ሳይታወቅ ወደ 4 ሊወርድ ይችላል፤ በዘገባ ላይ መጻፍ ያለበት የመጨረሻው ንባብ ነው። አሲድ በበዛበት ውሃ ፕሮቶኖቹ ራሳቸው መያዣዎቹን ስለሚሞሉ ውጤቱ ይወድቃል።

ደረጃ 5፦ ስሌቱና የመቶኛ ወጥመድ

ከላይ በተጠቀሰው ጠርሙስ ውስጥ በመጨረሻ በሊትር 2 ሚሊግራም ቀረ እንበል። የጎደለው በሊትር 8 ሚሊግራም ነው፤ በ0.05 ሊትር ሲባዛና ለ0.025 ግራም ሲካፈል፣ አንድ ግራም ካርቦን 16 ሚሊግራም ይዟል ማለት ነው። በካርቦኑ የተያዘው፣ በውሃው ውስጥ ለቀረው ሲካፈል የሚገኘው የክፍፍል ምጣኔ በግራም 8,000 ሚሊሊትር ይሆናል። በመቶኛ ሲነገር ደግሞ 80 በመቶ ተወግዷል።

መቶኛው ግን ካርቦን በመጨመር ብቻ የሚገዛ ቁጥር ነው። ምጣኔው ሳይለወጥ ካርቦኑን ወደ 50 ሚሊግራም ብታሳድጉት 88.9 በመቶ ይወጣል። ያንኑ 50 ሚሊግራም ለሁለት ከፍላችሁ፣ በመጀመሪያው 25 አክማችሁና አጣርታችሁ፣ በቀሪው 25 ብትደግሙት ግን የሚቀረው ከ25 አንድ እጅ ብቻ ስለሚሆን 96 በመቶ ይደርሳል። ተመሳሳይ ካርቦን፣ ተመሳሳይ ውሃ፤ ልዩነቱ የአከፋፈል ብቻ ነው። የተለያዩ ጥናቶችን የሚያወዳድር ሰው መቶኛውን ትቶ ምጣኔውን፣ ከምጣኔውም ጋር የተለካበትን ውሃ ይመልከት።

ደረጃ 6፦ በእውነተኛ ውሃ መፈተን

ንጹሕ ውሃ ላይ ያማረ ውጤት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ግራም ሲዚየም 137 በሰከንድ 3.2 ትሪሊዮን ገደማ መፈራረስ ስላለው፣ በሊትር 10,000 ቤኬሬል የሚያህል ከባድ ብክለት በክብደት 3 ናኖግራም ብቻ ነው። የባሕር ውሃ ደግሞ በሊትር 400 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም ይዟል። ይህ ማለት እያንዳንዱ የሲዚየም አዮን ቦታ ለማግኘት በክብደት ከመቶ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ከሚበልጡት ጋር ይጋፋል ማለት ነው። ተራው ግራፊን ኦክሳይድ በዚህ ግፊያ ይሸነፋል።

በአገራችን ስምጥ ሸለቆ ያለው ጉዳይ ከኑክሌር አደጋ ጋር የሚያያዝ አይደለም። በአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ከሚታወቀው ፍሎራይድ ጎን ለጎን በአንዳንድ ጉድጓዶች ከእሳተ ገሞራ አለቶች የሚሟሟ ተፈጥሯዊ ዩራኒየም ይገኛል። ዩራኒየም በግራፊን ኦክሳይድ የሚያዘው በፒኤች 5 አካባቢ በጣም ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ብዙ ጊዜ ባይካርቦኔት የበዛበትና ፒኤቹ ከ7 በላይ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ዩራኒየሙ ከካርቦኔት ጋር ተቆራኝቶ አሉታዊ ሙል ይይዛል፤ አሉታዊ ሙል ያለው ካርቦንም ይገፋዋል። በተጣራ ውሃ የተገኘ ቁጥር ይዞ ወደዚያ አካባቢ ጉድጓድ መሄድ ያሳፍራል። ወይ አዎንታዊ ሙል ያላቸው አሚን ቡድኖች የተተከሉበት ካርቦን መሞከር፣ ወይም ሌላ ዘዴ ማሰብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የራሳችሁን ውሃ አምጡ፤ ማምጣት ካልተቻለ ደግሞ በደረጃ 1 የመዘገባችሁትን ጨዎች በልካቸው ጨምራችሁ አስመስሉና ደረጃ 4ን ድገሙ።

ደረጃ 7፦ ጨረር ባለው ናሙና ማረጋገጥ

ወደዚህ የሚገባው የአገሪቱ የጨረራ ተቆጣጣሪ አካል ፈቃድ የሰጠው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው፤ የግል መለኪያ ዶሲሜትር፣ የተለየ ሲንክና የተለየ ቆሻሻ መያዣም ያስፈልጋል። ሲዚየም 137 በ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ በሚታየው የጋማ መስመሩ በቀላሉ ይለካል። ስትሮንሺየም 90 ግን ጋማ የለውም፤ የሚለካው በቤታ ጨረሩ ሲሆን ሲፈራርስ የሚወልደው ልጁ ኢትሪየም 90ም ቤታ ይረጫል። ካርቦኑ ሁለቱን በተለያየ ልክ ሊይዝ ስለሚችል፣ ውሃውን ከካርቦኑ እንደለያችሁ ወዲያው የለካችሁት ቁጥር ያታልላል። ኢትሪየሙ እንደገና እስኪተካከል ሦስት ሳምንት ያህል ጠብቃችሁ ለኩ።

ውሃውን ብቻ አትለኩ፤ ካርቦኑንም ለኩ። የሁለቱ ድምር ከመነሻው ጋር ካልገጠመ የጎደለው በጠርሙሱ ግድግዳ ወይም በማጣሪያው ላይ ነው።

ደረጃ 8፦ ካርቦኑን ከውሃው ማውጣት

ብክለቱን የያዘ ደቃቅ ቅጠል በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ካመለጠ፣ ብክለቱ ተወገደ ሳይሆን ተሳፈረ። ይህን ለማስቀረት ግራፊን ኦክሳይዱን ከሶዲየም አልጂኔት ጋር ቀላቅሎ በካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ በመርፌ ማንጠባጠብ ቀላሉ ዘዴ ነው፤ ምስር የሚያህሉ ጥቁር እንክብሎች ይወጣሉ። እንክብሎቹ ከልቅ ቅጠሉ ይልቅ ዝግ ብለው ይይዛሉ፤ ሆኖም በአምድ ውስጥ ተሞልተው ውሃ ሊያልፍባቸው ይችላል። ውሃው ከታች ወደ ላይ ቢፈስ አየር አይታመቅም። የሚወጣውን ውሃ በየጊዜው እየለካችሁ፣ ክምችቱ ከመግቢያው 5 በመቶ ሲደርስ አምዱን አቁሙ። ሁለት አምዶችን አከታትሎ ማሰር ደግሞ በደረጃ 5 ያየነውን የማከፋፈል ጥቅም ያስገኛል፤ የመጀመሪያው ሲጠግብ ሁለተኛው ይጠብቃል።

ደረጃ 9፦ የጠገበውን ካርቦን መያዝ

በሊትር 1,000 ቤኬሬል ሲዚየም 137 ያለበት 1 ሜትር ኩብ ውሃ በጠቅላላው 1 ሚሊዮን ቤኬሬል ይዟል። በሊትር 0.5 ግራም ካርቦን ተጠቅማችሁ 90 በመቶውን ብትሰበስቡ፣ ግማሽ ኪሎው ካርቦን በግራም 1,800 ቤኬሬል ይሸከማል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ለሲዚየም 137 ያስቀመጠው ከቁጥጥር ነፃ የማድረጊያ መጠን በግራም 0.1 ቤኬሬል ስለሆነ፣ ይህ ቅሪት ከዚያ 18,000 እጥፍ ይበልጣል። ወደ ማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ መጣያ አይሄድም፤ በሜዳም አይቃጠልም። ካርቦን ስለሚነድ ማቃጠል ያጓጓል፤ ነገር ግን ሲዚየም በከፍተኛ ሙቀት ስለሚተን፣ ለዚሁ የተሠራ የጭስ ማጣሪያ ያለው ማቃጠያ ከሌለ ብክለቱ ከውሃ ወደ አየር ይዛወራል።

አንዳንድ ጽሑፎች ካርቦኑን በአሲድ አጥቦ ደጋግሞ መጠቀምን ያሞግሳሉ። ውድ ብረት ለሚለቅም ሰው ጥሩ ነው፤ ለእኛ ግን እያንዳንዱ እጥበት ሌላ ራዲዮአክቲቭ ፈሳሽ ይወልዳል። አንድ ጊዜ አስይዞ፣ ውሃውን አንጠፍጥፎ፣ በጠጣርነቱ ማስቀመጥ ይመረጣል። በመያዣው ላይ የአይሶቶፑ ስም፣ ቤኬሬሉ፣ ቀኑ፣ የካርቦኑ ዓይነትና የጨረር ምልክቱ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። እርጥበት በቀረበት ቅሪት ውስጥ ጨረሩ ውሃውን እየሰነጠቀ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ክዳኑ ጋዙን የሚያስተነፍስ ማጣሪያ ያለው እንጂ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ አይሁን።